ወንዶች ተጠቂዎችና የአስገድዶ መድፈር ሕጋዊ ትርጉም፦ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

አስገድዶ መድፈር ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ከፖሊስ ጣቢያ ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከፖሊስ ጣቢያ በፊት፣ የሚቀርበው ከሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው የምርመራ ውጤት ለዐቃቤ ሕግም ሆነ ለፍርድ ቤት ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችና የሚፈልጋቸው ምልክቶች በሕክምና ሳይንስ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። ሕጉ «ይህን ወንጀል ማን በማን ላይ ሊፈጽም ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የሰጠው መልስ በምርመራው ክፍል ውስጥም ይሠራል። ተጠቂዋ ምንጊዜም ሴት ናት ከሚል ሕግ የሚነሣ ምርመራ ስለ ድንግልናና ስለ ወር አበባ ይጠይቃል፤ ተጠቂው ወንድ ሆኖ ሲገኝ ግን ምን እንደሚጠየቅና ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግራ ያጋባል።

በየትኛውም አገር በወሲባዊ ጥቃት ይበልጥ የሚጎዱት ሴቶችና ልጃገረዶች መሆናቸው አያጠያይቅም። ወንዶችና ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ ማለት ይህን እውነት አያሳንሰውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕጎች ወንድ ተጠቂን እንዴት እንደተመለከቱት፣ የሕክምና ዕውቀት በሕጎቹ መለወጥ ላይ ምን ድርሻ እንደነበረውና የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በዚህ ረገድ የት ላይ እንደሚገኝ በአጭሩ መቃኘት ነው።

የጥንቱ ሕግና የእንግሊዝ ቅርስ

ወንድ ተጠቂ ሊሆን እንደሚችል መቀበል የዘመናችን ግኝት ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። በዐፄ ዮስጢንያኖስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ533 የታወጀው የሮማ ሕግ ስብስብ የሕግ ሊቁን የማርሲያኑስን አስተያየት ጠቅሶ፣ ወንድ ልጅንም ሆነ ሴትን ወይም ማንኛውንም ሌላ ሰው በኃይል የደፈረ ሁሉ ስለ ኃይል ድርጊት በወጣው ሕግ እንደሚቀጣ ደንግጎ ነበር። በዚህ አነጋገር የወንጀሉ ፍሬ ነገር ኃይሉ ሲሆን የተጠቂው ጾታ መለያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የዳበሩት ሕጎች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። አስገድዶ መድፈር በአባት ወይም በባል መብትና በቤተሰብ ክብር ላይ የተፈጸመ በደል ተደርጎ ሲታይ፣ ተበዳይዋ በተፈጥሮዋ ሴት ብቻ ሆነች። በወንዶች መካከል የሚፈጸመው ድርጊት ደግሞ በሃይማኖትና በሥነ ምግባር ላይ በተፈጸመ ኃጢአት ሥር ተመደበ። በእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1533 ያስወጣው ሕግ ድርጊቱን በሞት የሚያስቀጣ ሲያደርገው፣ ተገዶ የተፈጸመበትን ሰው ከፈቃደኛው የሚለይ የተለየ ወንጀል አላቋቋመም። የሞት ቅጣቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነበር።

የዚያው የ1861 ሕግ አንድ አስገራሚ ገጽታ አለው። በሴት ላይ ለሚፈጸም የብልግና ጥቃት እስከ 2 ዓመት እስራት ሲወስን፣ በወንድ ላይ ለሚፈጸመው ግን እስከ 10 ዓመት ወስኗል። ልዩነቱ ሕጉ ለወንድ ተጠቂ ከፍ ያለ አሳቢነት ስለነበረው የመጣ አልነበረም። ሕጉ የሚቀጣው የተጠቂውን ጉዳት ሳይሆን የድርጊቱን ዓይነት ስለነበረ ነው። ለሴቶች የነበረው ዝቅተኛ ጣሪያ ተነሥቶ በሁለቱም ላይ 10 ዓመት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በአንጻሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላውን ወንድ ያለ ፈቃዱ በፊንጢጣው የደፈረ ሰው ቢበዛ በ10 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ሲያደርግ፣ ሴትን የደፈረ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ይቀጣ ነበር። አንዱ ሥርዓት በአንድ በኩል ወንድን አስበልጦ በሌላው በኩል ዝቅ ያደረገበት ምክንያት አንድ ነው፤ ይኸውም በሁለቱም ጊዜ የተጠቂው ሰውነትና ፈቃድ የሕጉ መነሻ አልነበሩም።

የሕክምና ጥናቶች ድርሻ

ለብዙ ዘመን ዳኞችንም ሐኪሞችንም የያዘ አንድ እምነት ነበር። ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ካልፈቀደ በቀር ሊገደድ አይችልም፤ ብልቱ ከቆመ ወይም ዘሩ ከፈሰሰ ደግሞ ፈቅዷል የሚል ነው። ይህን እምነት ያፈረሱት በዋነኛነት የሕክምናና የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ግሮትና በርጀስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አንዳንድ ጥቃት አድራሾች የተጠቂው ዘር እንዲፈስ ሆን ብለው እንደሚጥሩ አመለከቱ። ይህም ተጠቂውን በራሱ ላይ ጥርጣሬ እንዲያድርበትና ለፖሊስ እንዳያመለክት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሳረልና ማስተርስ በሴቶች የተገደዱ የ11 ወንዶችን ታሪክ መርምረው፣ ወንዶቹ በፍርሃትና በጭንቀት ውስጥ ሆነው እንኳ ብልታቸው ሊቆም እንደቻለ፣ ከጥቃቱም በኋላ ረጅም ጊዜ የቆየ የወሲብና የስሜት ችግር እንዳጋጠማቸው ገለጹ። በእንግሊዝ አገር ሜዚና ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት የ22 ወንዶች ጥናት በሴቶች ተጠቂዎች ላይ ከሚታየው ጋር የተቀራረበ የስሜት መታወክ በወንዶቹም ላይ ማግኘታቸውን ዘገቡ። ለፖሊስ ያመለከቱት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

የነገሩ ሥነ አካላዊ መሠረት ለሐኪም እንግዳ አይደለም። የብልት መቆም በከፊል ከታችኛው የአከርካሪ ነርቮች (ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የሳክራል ነርቭ) የሚነሣ ምላሽ ሲሆን፣ ከፍ ባለው የአከርካሪ ክፍል ላይ ሙሉ ጉዳት በደረሰበትና ከወገቡ በታች ስሜት በሌለው ሰው ላይ እንኳ በንክኪ ብቻ ሊታይ ይችላል። የዘር መፍሰስም ራሱን የቻለ የነርቭ ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሌቪንና ቫን በርሎ የቀድሞ ጥናቶችን አሰባስበው በፎረንሲክ ሕክምና መጽሔት ላይ ሲያቀርቡ የደረሱበት መደምደሚያ፣ በግዳጅ ወቅት የሚታይ የአካል ምላሽ የፈቃድ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ነው። ሽንኩርት ሲከተፍ የሚወርድ እንባ የኀዘን ምስክር እንደማይሆን ሁሉ የአካል ምላሽም የልብ ፈቃድ ምስክር አይሆንም።

የትርጉሞች መለወጥ

ሕጎችን የመለወጡ ሥራ በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም። በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ሕግ «መድፈር» የሚለውን የቆየ ስም ትቶ በደረጃ የተከፋፈለና ጾታን የማይለይ የወሲባዊ ወንጀል ሥርዓት ዘረጋ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1980 ወንጀሉን በሌላ «ሰው» ላይ በኃይል፣ በማስገደድ ወይም በድንገት የሚፈጸም ዘልቆ የመግባት ድርጊት ብላ ተረጎመች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1997 «ሴት» የሚለውን ቃል ከድንጋጌው ስታወጣ፣ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውንም ገደብ በዚያው ሰረዘች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ሊደፈር እንደሚችል በግልጽ ጻፈች። ጃፓን ከ1907 ጀምሮ የቆየውን ሴትን ብቻ የሚጠብቅ ድንጋጌ የለወጠችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በአፍሪካ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የወሲባዊ ወንጀሎች ሕግ አድራሹንም ተጠቂውንም በጾታ አይለይም።

የደቡብ አፍሪካ ታሪክ በተለይ ሊተኮርበት ይገባል። በዚያ አገር በልማዳዊው ሕግ አስገድዶ መድፈር ማለት ወንድ በሴት ብልት በኩል ያለ ፈቃዷ የሚፈጽመው ድርጊት ብቻ ነበር። የ9 ዓመት ሕፃን ልጅ በፊንጢጣዋ በኩል በመደፈሯ የተነሣው ክስ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 በሰጠው ውሳኔ ትርጉሙን በማስፋት በሴቶች ፊንጢጣ በኩል የሚፈጸመው እንዲካተት አደረገ። ነገር ግን በዳኛ ንካቢንዴ የተጻፈው የአብላጫው አስተያየት ጉዳዩ ስለ ሴት ልጅ የቀረበ ነውና ስለ ወንዶች የሚወሰንበት ጊዜ አይደለም በማለት በዚያው አቆመ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ላንጋ በዚህ ላይ ተለይተው፣ ወንዶችና ወንዶች ልጆችም በአንድ ትርጉም ሊጠበቁ ይገባ ነበር የሚል አስተያየት አሰፈሩ። ፓርላማው ክርክሩን በሕግ ዘጋው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሥራ ላይ የዋለው ቁጥር 32 አዋጅ ልማዳዊውን ትርጉም ሽሮ ጾታን በማይለይ ትርጉም ተካው።

ሁለተኛው ክፍተት

«ሴት» የሚለውን ቃል «ሰው» በሚለው መተካት ግን ችግሩን ሁሉ አልፈታም። በወንድ የተደፈረ ወንድ በአዲሱ ትርጉም ውስጥ ሲገባ፣ በሴት ተገዶ ግንኙነት እንዲፈጽም የተደረገ ወንድ ከውጭ ቀረ። ምክንያቱም አብዛኞቹ ትርጉሞች ወንጀሉን በተጠቂው አካል ውስጥ ዘልቆ በመግባት ስለሚለኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ ሕግ መድፈርን በወንድ ብልት የሚፈጸም ብቻ አድርጎ አስቀርቶ፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ በወሲባዊ ድርጊት እንዲሳተፍ ማድረግን በሌላ አንቀጽ ለየው። የዚህኛው ቅጣት በከባድ ሁኔታ እስከ ዕድሜ ልክ ሊደርስ ስለሚችል ልዩነቱ በቅጣቱ ሳይሆን በስሙ ነው። ፈረንሳይ ይህን ክፍተት የዘጋችው እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጊቱ «በአድራሹ አካል ላይ» የተፈጸመም ቢሆን ወንጀሉ እንደሚቋቋም በመጨመር ነው።

ትርጉም ቁጥርንም ይወስናል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ከ1927 ጀምሮ ለስታቲስቲክስ ይጠቀምበት የነበረው ትርጉም ሴት በኃይልና ያለ ፈቃዷ የተደፈረችበትን ብቻ ይቆጥር ስለነበር፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ በዚያ መዝገብ ላይ አንድም ወንድ የመደፈር ተጠቂ ሆኖ አልተቆጠረም። ለውጡ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ነው። የዚያው አገር የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ተደፍረናል ያሉ ወንዶች ከ71 አንድ ያህል ሲሆኑ፣ ተገደው ዘልቀው እንዲገቡ የተደረጉት ግን ከ21 አንድ ያህል ነበሩ። ማዕከሉ ሁለተኛውን «መድፈር» ብሎ አልመደበውም። ከሁለተኛው ክፍል ተጠቂዎች አብዛኞቹ አድራሾቹ ሴቶች ብቻ እንደነበሩ ተናግረዋል። የትርጉሙ ድንበር አንድ ርምጃ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል የተጠቂዎቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ እንደሚለወጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለውጡ ወደ ኋላም ሊመለስ ይችላል። በሕንድ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ወንጀልን የሚመለከተው የ2012 ሕግ ወንዶች ልጆችንም ይጠብቃል። ስለ አዋቂዎች ግን የመድፈር አንቀጽ ሴትን ብቻ ይመለከታል። ለአዋቂ ወንድ ተጠቂ መከሰሻ ሆኖ የቆየው በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው አንቀጽ 377 ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን አንቀጽ ሳይተካ ስለተወው፣ የተደፈረ አዋቂ ወንድ ጉዳዩን በቀጥታ የሚሸፍን ድንጋጌ አጣ።

በጦርነት ጊዜ

የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች መንገድ ከአገር ውስጥ ሕጎች ፈጠን ያለ ነበር። የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት አሩሻ ላይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 በአካዬሱ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ መድፈርን አስገዳጅ በሆነ ሁኔታ በ«ሰው» ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ይዘት ያለው የአካል ወረራ ብሎ ተረጎመው። ከሁለት ወር በኋላ የዩጎዝላቪያው ፍርድ ቤት በቦስኒያ የቼሌቢቺ እስር ቤት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በሌላው ላይ ወሲባዊ ድርጊት እንዲፈጽሙ መገደዳቸውን አረጋገጠ። ፍርዱ ድርጊቱን በኢሰብአዊና ጭካኔ በተሞላበት አያያዝ ቢቀጣውም፣ ክሱ በተገቢው መንገድ ቢቀርብ ኖሮ መድፈር ሊባል ይችል እንደነበር ዳኞቹ አስፍረዋል። ድርጊቱን የሚያውቅ ፍርድ ቤት እያለ ስሙን የሚያውቅ ክስ አልቀረበም ማለት ነው።

የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የወንጀል መዘርዝር «ወረራ» የሚለው ቃል ጾታን እንዳይለይ ታስቦ የተመረጠ መሆኑን በግርጌ ማስታወሻ ይገልጻል። በዚሁ መሠረት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በንታጋንዳ ላይ የሰጠውና በ2021 በይግባኝ የጸናው የጥፋተኝነት ውሳኔ በሴቶችም በወንዶችም ላይ የተፈጸመን መድፈር ያካትታል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2106 ላይ ወንዶችና ወንዶች ልጆችም የዚህ ጥቃት ሰለባ መሆናቸውን ጠቅሷል።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ

በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ በፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ረቂቅነት ተዘጋጅቶ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 589 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሴት ላይ ብቻ የሚፈጸም አድርጎ ደነገገ። በዚያን ጊዜ የስዊዘርላንድም ሕግ እንዲሁ ነበር። የረቂቁ አመንጪ አገር ራሷ ትርጉሟን ለውጣ ማንኛውንም ሰው ያካተተችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። በወንድ ላይ በኃይል የተፈጸመ የወንድ ድርጊት በ1949ኙ ሕግ በግብረ ሰዶም ርእስ ሥር በቅጣት ማክበጃነት ይታይ ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ብዙ ነገር አሻሽሏል። በአንቀጽ 620 ሴትን ለደፈረ የነበረውን ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አሳደገ፤ ለከባዱም እስከ 20 ዓመትና እስከ ዕድሜ ልክ አደረሰ። በአንቀጽ 621 ደግሞ በቀድሞው ሕግ ያልነበረ ወንጀል አቋቋመ፤ ወንድን አስገድዳ ከራሷ ጋር ግንኙነት እንዲፈጽም ያደረገች ሴት ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ትቀጣለች። ብዙ የበለጸጉ አገሮች ገና ያልደረሱበትን «ሁለተኛውን ክፍተት» የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ አስቀድሞ ማየቱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሆኖም የቅጣቱ ልክ ከአንቀጽ 620 ጋር ሲነጻጸር፣ የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ሆኖ ይገኛል።

በወንድ የተገደደ ወንድ በእነዚህ በሁለቱም አንቀጾች አይሸፈንም። አንቀጽ 622ም የተቃራኒ ጾታን ብቻ ይመለከታል። የእርሱ ጉዳይ የሚታየው ግብረ ሰዶምን በሚከለክለው በአንቀጽ 629 ቀጥሎ በተጻፈው በአንቀጽ 630 ሲሆን፣ ኃይል ወይም ዛቻ ከተጨመረበት ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ይሆናል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም። አስቸጋሪው ነገር የተቀመጠበት ቦታ ነው። የሴቲቱ ጉዳይ በነጻነት ላይ በተፈጸመ በደል ሲጀምር፣ የእርሱ ጉዳይ የሚጀምረው ሁለቱም ወገኖች አጥፊ በሚሆኑበት ድርጊት ነው። ስለዚህ ለማመልከት የሚመጣ ወንድ ተበዳይ መሆኑን ከማስረዳቱ በፊት ተባባሪ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ሊመስለው ይችላል። ይህ ፍርሃት ከኀፍረቱ ጋር ሲደመር ብዙዎችን ዝም ሊያሰኝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የሕፃናትን ጉዳይ ብንመለከት ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ልጅ በወንድ ቢደፈር በአንቀጽ 631 መሠረት ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ነው። የእርሱ እኩያ የሆነች ልጅ በወንድ ብትደፈር በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይሆናል። ያው ወንድ ልጅ በሴት ግንኙነት እንዲፈጽም ቢደረግ ግን ቅጣቱ ከ13 ዓመት አይበልጥም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ልጅቱን የደፈረ ወንድ ከ3 እስከ 15 ዓመት ሲቀጣ፣ ወንዱን ልጅ ያስገደደች ወይም ያባበለች ሴት ከ7 ዓመት በማይበልጥ ትቀጣለች። የአንድ ልጅ ጉዳት የሚመዘነው በልጁ ላይ በደረሰው ሳይሆን በአድራሹ ጾታ ነው ማለት ነው። ሐኪም ግን በምርመራ አልጋው ላይ የሚያገኘው ልጁን እንጂ አድራሹን አይደለም።

ለሕክምናው ሥራ የሚኖረው ትርጉም

ሐኪም የሕግን ትርጉም አይለውጥም፤ የተደፈረ ነው ወይም አይደለም ብሎ መወሰንም የፍርድ ቤት እንጂ የእርሱ ሥራ አይደለም። ሊያደርግ የሚችለው ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መመዝገብ ነው። በታሪኩ ላይ ተጠቂው ምን እንደተደረገበት ብቻ ሳይሆን ምን እንዲያደርግ እንደተገደደም መጠየቅ ይገባዋል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ካልተጠየቀ በአንቀጽ 621 የተቋቋመው ወንጀል በመዝገብ ላይ ቦታ አያገኝም። በፊንጢጣ አካባቢ ቁስል አለመታየቱ ጥቃት አለመድረሱን አያረጋግጥም፤ ጥቃቅን ጉዳቶች ፈጥነው ይድናሉና። የብልት መቆም ወይም የዘር መፍሰስ መኖሩ ቢነገርም ፈቃድ እንደነበረ ተደርጎ ሊጻፍ አይገባም።

ሕክምናው በጾታ አይለያይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የወሲባዊ ጥቃት ሕክምናና የፎረንሲክ ምርመራ መመሪያ ወንዶች ተጠቂዎችንም አካትቷል። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይሰጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ የአባላዘር በሽታ ሕክምናና እንደ ቁስሉ ሁኔታ የቴታነስ መከላከያ ይታሰባል። የአእምሮ ጤና ክትትልም ከእነዚህ ያላነሰ አስፈላጊ ነው። ተጠቂው በፍርሃት ምክንያት ከሦስት ቀን በኋላ ቢመጣ፣ የሕጉ ትርጉም ያስከተለው ዝምታ ወደ ማይመለስ በሽታ ሊያደርሰው ይችላል።

የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ቺካጎ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ለማረጋገጥ ተብሎ በግድ የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና ሐኪሞች ሊሳተፉበት እንደማይገባ ወስኗል። ውሳኔው ለወንድ ተጠቂም ዋስትና ነው። ምርመራው የሚደረገው በእርሱ ፈቃድና ለእርሱ ጥቅም ሲሆን ብቻ፣ ለመታከም የመጣ ሰው ተከሳሽ ሆኖ እንዳይመለስ ማድረግ ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከሮማው ሕግ አንሥቶ እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ሕግ በድርጊቱ ዓይነት፣ በአድራሹ ጾታ ወይም በቤተሰብ ክብር ላይ ባተኮረ ቁጥር ከፊሉን ተጠቂ ከበር ያስቀራል፤ በተጠቂው ሰውነትና ፈቃድ ላይ ባተኮረ ቁጥር ደግሞ በሩ ይሰፋል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. በአንቀጽ 621 አንድ ርምጃ ወደፊት ሄዷል። ወደፊት ሕጉ በሚሻሻልበት ጊዜ የተገደደ ወንድ ጉዳይ ከአንቀጽ 629 አጠገብ ተነሥቶ በነጻነት ላይ ከሚፈጸሙት ወንጀሎች ጋር ቢቀመጥ፣ በሕፃናትም ረገድ ቅጣቱ በአድራሹ ጾታ ሳይሆን በጉዳቱ ልክ ቢወሰን፣ ተጠቂውም ሐኪሙም ዐቃቤ ሕጉም ሥራቸው ይቃናል። እስከዚያው ድረስ ግን በዚህ ረገድ ትልቁ ኃላፊነት የወደቀው በሕክምና ካርድ ላይ በሚሰፍረው ጽሑፍ ላይ ነው። ሕጉ ላልሰየመው ጉዳት ስም መስጠት የሐኪም ሥልጣን ባይሆንም፣ ጉዳቱ በካርዱ ላይ ሳይጻፍ እንዳይቀር ማድረግ ግን በእርሱ እጅ ያለ ነው።